ልብ የሚል ወርቅ

አባቴ በጆርሃት ወርቅ አንጥረኛ ነበር፤
የሰው ሠርግ ሲያደምቅ፣ የሰው አንገት ሲያሳምር።
«ወርቅ ቢጫ ነው» ይላል፤ «ቀላ ካለ ግና፣
መዳብ ገብቶበታል፤ መልሱት እንደገና።»

ዛሬ በእኔ ብልቃጥ ያው ወርቅ ቀልቷል።
መዳብ አልነካውም፤ ማነስ ብቻ በቅቷል።
የአንድ ፀጉር ውፍረት አራት ሺህ ቢከፈል፣
አንዷን ድርሻ ያህላል የፍሬዋ አካል፤
እዚያ ታች ሲወርዱ የብርሃን ሕግ ሌላ፣
አረንጓዴው ይዋጣል፣ ቀዩ ይቀራል ኋላ።
አባቴ ቢያይ ኖሮ፣
«ማነው ያታለለሽ?» ይለኝ ነበር ዞሮ።

እሱ ግን አላየም።
በውርጭ ሌሊት ነበር፤ ደረቱን አቅፎ፣
ከመስፉ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ፣
«ጨጓራዬ ነው» አለን፤ እናቴም አመነች፤
ዝንጅብሉን ወቅጣ ከጨው ቀላቀለች።
ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።
በዚያ ብርድ፣ ላብ።
ላቡን እያየሁት ልቡን ልብ አላልኩም።

ልብ ሲጎዳ አይጮህም። ጡንቻው ሲበጣጠስ፣
ስባሪ ይልካል ከደም ጋር የሚፈስ።
ትሮፖኒን ይባላል፤ ለእኔ ግን የሚመስለኝ
ጎርፍ ላይ የተጣለ፣ አድራሻ የሌለው አቤቱታ።

አንባቢ እንዲያገኝ ነው ዘጠኝ ዓመት የለፋሁት፤
በእያንዳንዷ ፍሬ ላይ መንጠቆ የተከልኩት፤
ሌላው ዓሣ ሁሉ አልፎት አንዱን ብቻ የሚይዝ መንጠቆ።
ሁለት የወርቅ ፍሬ አንድ ስባሪ ከነከሱ፣
ይጠጋጋሉ፤ ቀይነታቸውን ይረሳሉ፤
ወይን ጠጅ ይሆናሉ።
እንዲህ ሲነገር ቀላል ነው።
ስንቴ ጨው ብቻ ቀምሶ ዋሸኝ!
ስንቴ በሙቀት ተኮማትሮ ብልቃጡ ሥር ዘቀጠ፣
ሂማድሪ ጓደኛዬ፣ ጓንቱን እያወለቀ፣
«የአባትሽ እርግማን ነው» እስኪለኝ ድረስ።

ማጁሊ ደሴት ላይ፣ በሐኪም ጀልባችን፣
ጭጋግ ወንዙን ውጦት፣ መሽቶ በላያችን፣
ቱላራም ፔጉ መጣ፤ ጀልባ ሠሪው፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸተው፣
«የምሳው ዓሣ ነው» እያለ፣ ግራ ክንዱን እያሸ።
ጣቱን ወጋሁት። አንዲት ጠብታ።
ሚስቱ ከወረቀቷ ላይ አጎነበሰች፦
«ወርቅ? የእውነት ወርቅ? ስንት ያወጣል ታዲያ?»
«ለጉንዳን አፍንጫ ቀለበት አይበቃም» አልኳት።
ሣቀች።
እሱ አልሣቀም።

አሥር ደቂቃ። አሥራ ሁለት።
ቀለሙ አልወሰነም።
ቀይ እንዳልለው ጠቁሯል፣ ወይን ጠጅ እንዳልለው ፈክቷል፤
ፋኖሱም ቢጫ ነው፤ ቢጫ ደግሞ፣ አባቴ ይማረኝ፣ ዓይን ያታልላል።
ስልኬ በካሜራው አይቶ ቁጥር ሰጠኝ፤
ቁጥሩም ድንበር ላይ ቆሞ ያመነታል።
ቤተ ሙከራ ቢሆን «ይደገም» እል ነበር።
ማስታወሻዬ ላይ ጥያቄ ምልክት፣ ነገ ጠዋት በአዲስ ብልቃጥ።

ቀና ብዬ ግንባሩን አየሁ።
ላብ።

«ሞተሩን አስነሳ!»
ቢፑል ጭጋጉን አየ፣ እኔን አየ፤
ምንም ሳይል ገመዱን ፈታ።

ቱላራም አስፕሪኑን አላምጦ ተጋደመ፤
ጆሮው ከጀልባው ወለል ተጣብቋል።
እኔ እጁን ይዤ ምት እቆጥራለሁ፤ እሱ የሚሰማው ሌላ ነው።
ሚስቱ ወረቀቷን በመሐረብ ጠቅልላ ያዘች፣
ወርቅ ነው ብለዋታልና።
የወደቡ መብራት ገና ሳይታይ፣
ዓይኑን ሳይገልጥ፣ እንደ ባለሙያ እንዲህ አለ፦
«ይቺ ጀልባ ግራ ጎኗ ውኃ ያስገባል።
ልብ አላላችሁም?»